ፈቃድ የማን ፈቃድ ነው?

«ፈቃድ» የሚለው የአማርኛ ቃላችን ሁለት ነገር ተሸክሞ ይኖራል። አንደኛው የልብ ውሳኔ ነው፤ «በገዛ ፈቃዱ ሄደ»፣ «የእግዚአብሔር ፈቃድ ከሆነ» ስንል ይህንኑ ማለታችን ነው። ሁለተኛው ከመሥሪያ ቤት ተፈርሞና ማኅተም አርፎበት የሚወጣ ወረቀት ነው፤ መንጃ ፈቃድ፣ ንግድ ፈቃድ፣ የመጠጥ ፈቃድ። ሁለቱ በአንድ ስም መጠራታቸው ብዙ ነገር ይነግረናል። ባደግንበት አገር ሹሙ ከወደደ ወረቀቱ ይወጣል፤ ካልወደደ «ነገ ተመለስ» ይባላል፤ ነገም ሌላ ነገ ይወልዳል። ስለዚህ ወረቀቱን የሹሙ የልብ ፈቃድ ምስክር አድርገን ማየት ለመድን።

ይህን ልማድ ከበርበሬውና ከሽሮው ጋር በሻንጣችን ይዘን ቶሮንቶ ገብተናል። ለዚህም ነው ዛሬ ተራ የሚመስል አንድ ነገር ላነሣ የወደድሁት። በዳንፎርዝ ወይም በብሎር ጎዳና ካሉት የአገራችን ምግብ ቤቶች ወደ አንዱ ሲገቡ የመጠጥ ፈቃዱን ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ አይተውት ይሆናል። በዚያ ወረቀት ላይ ብዙ ነገር ተንጠልጥሏል። ወረቀቱ ካለ ክትፎው ከቢራ ጋር ይቀርባል፤ ቅዳሜ ማታ ቤቱ ይሞላል፤ ኪራዩም ይከፈላል። ከሌለ ግን በእንጀራና በቡና ብቻ የቶሮንቶን ኪራይ መክፈል ምን ያህል እንደሚከብድ ባለቤቶቹን መጠየቅ ነው። ለመሆኑ ያ ወረቀት የማን ፈቃድ ነው? የመንግሥት ነው? የጎረቤት ነው? ወይስ አንዴ ከተሰጠ በኋላ የባለቤቱ የግል ንብረት ነው? መንግሥትስ አንድ አዋቂ ሰው ለሌላ አዋቂ ሰው አንድ ብርጭቆ ቢራ እንዳይሸጥ ለመከልከል ምን መብት አለው?

በቅድሚያ አሠራሩን ባጭሩ እንመልከት። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) በኦንታሪዮ የመጠጥ ፈቃድ የሚሰጠው ከ1998 ጀምሮ የኦንታሪዮ የአልኮልና የቁማር ኮሚሽን ነው። ከዚያ በፊት በየምግብ ቤቱ መስኮት «ኤልኤልቢኦ» የሚል ምልክት ይለጠፍ እንደነበር የቆዩት ወገኖቻችን ያስታውሳሉ፤ ይህ የቀድሞው የፈቃድ ቦርድ ስም ነበር። አመልካቹ በገንዘብ አያያዙ የሚታመን መሆኑ፣ ያለፈ ምግባሩም በሕግና በቅንነት እንደሚሠራ የሚያሳይ መሆኑ ይመረመራል። ከዚህም ሌላ ፈቃዱ መሰጠቱ የአካባቢውን ነዋሪዎች ፍላጎትና ምኞት ግምት ውስጥ በማስገባት ለሕዝብ የሚበጅ መሆን አለበት። ማመልከቻው ለሕዝብ ይገለጻል፤ የሚቃወም ጎረቤት ካለ ተቃውሞውን በጽሑፍ ያቀርባል። ኮሚሽኑ ለመከልከል ካሰበ ምክንያቱን ጽፎ ለአመልካቹ ያሳውቃል፤ አመልካቹም የፈቃድ ይግባኝ ሰሚ ችሎት ፊት ቀርቦ መከራከር ይችላል።

በሕጉ ላይ ነገሩ ይህን ይመስላል። በእኛ ጨዋታ ላይ ግን ሌላ ነው። አንድ ወገናችን ማመልከቻ ሲያስገባ የመጀመሪያው ጥያቄያችን «ሰው አለህ ወይ?» የሚል ነው። ፈቃዱ ሲዘገይ ደግሞ «ፈረንጅ ቀንቶበት ነው» እንላለን። ሁለቱ አባባሎች ተቃራኒ ይመስላሉ እንጂ ሥራቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም ወረቀቱን የአንድ ሰው የልብ ፈቃድ አድርገው ያዩታል። አንዱ ያንን ልብ ሊያባብል ይሄዳል፤ ሌላው ይራገመዋል። «ምክንያቱ ምንድን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

አገር ቤት ሳለሁ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሥነ ዜጋ አስተምር ነበር። «የሕግ የበላይነት» የሚለው ምዕራፍ ላይ ስንደርስ የሚያጥረኝ ምሳሌ ነበር። ተማሪዎቹ ትርጉሙን በቃላቸው ይወጡታል፤ ለፈተናም አሳምረው ይጽፉታል፤ ሹምና ተራ ሰው በአንድ ሚዛን የተመዘኑበትን ጉዳይ ንገረን ሲሉኝ ግን መጽሐፉ አይረዳኝም ነበር። ዛሬ ያ ክፍል ፊት ብቆም የማነሣላቸው በዚሁ በካናዳ ምድር ከአንድ የመጠጥ ፈቃድ የተነሣውን የሮንካሬሊን ጉዳይ ነው።

ፍራንክ ሮንካሬሊ ጣሊያናዊ ዝርያ ያለው የሞንትሪያል ሰው ነበር። በክሬሰንት ጎዳና የነበረው የቤተሰቡ ምግብ ቤት ለ34 ዓመታት ያህል የመጠጥ ፈቃዱ ሳይቋረጥ ኖሯል። በ1940ዎቹ ዓመታት በኩቤክ ክፍለ ሀገር የይሖዋ ምስክሮች «ያለ ፈቃድ ጽሑፍ አደላችሁ» እየተባሉ በብዛት ይታሰሩ ነበር። ሮንካሬሊ ራሱ የዚያ እምነት ተከታይ ስለነበር ለ380 ያህል ሰዎች ዋስ ሆነ። ዋስ መሆን ምን ማለት እንደሆነ ለኢትዮጵያዊ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ለወገን ዋስ መሆን በእኛ ዘንድ የሚያስመሰግን ነገር ነው። በሞንትሪያል ግን ለሮንካሬሊ ጦስ ሆነበት። በዲሴምበር 1946 ፈቃዱ ተሰረዘ፤ መጠጡም ተወሰደ። የክፍለ ሀገሩ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ሞሪስ ዱፕለሲ ትእዛዙ ከእርሳቸው እንደመጣና ሰውየው ከእንግዲህ ፈቃድ እንደማያገኝ በይፋ ተናገሩ። ልብ ይበሉ፤ ፈቃዱ የተሰረዘው ሮንካሬሊ የመጠጥ ሕግ ስለጣሰ አልነበረም፤ ዋስ ስለሆነ ነበር። ምግብ ቤቱም ያለ መጠጥ ጥቂት ወራት ተንገዳግዶ ተዘጋ።

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይላል ያገራችን ሰው። ሮንካሬሊ ግን ጠቅላይ ሚኒስትሩን በስማቸው ከሰሰ። ጠበቆቹ ኤ. ኤል. ስታይንና የማክጊል ዩኒቨርሲቲ የሕግ መምህር የነበሩት ፍራንክ ስኮት ነበሩ። ነገሩ 12 ዓመት ፈጅቶ በጃንዋሪ 1959 የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለሮንካሬሊ ፈረደለት፤ ዱፕለሲም 33,123 ዶላር ከ53 ሳንቲም ካሣ እንዲከፍሉ ተወሰነ። ከዳኞቹ አንዱ የነበሩት አይቫን ራንድ የጻፉት ሐተታ ዛሬም በካናዳ የሕግ ትምህርት ቤቶች ይጠናል። ፍሬ ነገሩ በእኛ አነጋገር ሲጨመቅ እንዲህ ነው፤ ለባለሥልጣን የሚሰጥ ሥልጣን ሁሉ ለአንድ ዓላማ የተሰጠ ነው፤ ዳር ድንበር የሌለው «እንደ ልቤ» የሚባል ሥልጣን በሕግ ዘንድ የለም። የመጠጥ ፈቃድን የመስጠትና የመንሳት ሥልጣን የመጠጥን ጉዳይ ለመቆጣጠር የተሰጠ ነው። ሰውን በእምነቱ ወይም በዋስነቱ ለመቅጣት የዋለ ዕለት ሥልጣን መሆኑ ይቀራል።

እነሆ የቃላችን ሁለት ትርጉሞች እዚህ ላይ ተለያዩ። ወረቀቱ የሹሙ የልብ ፈቃድ አይደለም። ሹሙ ራሱ በምክንያት ታስሯል።

ድሉ ግን ርካሽ አልነበረም። ፍርዱ ሲሰጥ ምግብ ቤቱ ከተዘጋ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። ካሣ የተዘጋ ምድጃ አያነድም። ስለዚህ ምክንያት መጠየቅ ያለበት ነገር ከተበላሸ በኋላ ሳይሆን ገና ማመልከቻው ሲገባ፣ በጽሑፍና በትሕትና ነው።

«እንግዲያው ቁጥጥሩ ጨርሶ ቢቀርስ?» የሚል አንባቢ ይኖራል። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ስቱዋርት ሚል ከሮንካሬሊ ፍርድ ልክ 100 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1859 ስለ ነፃነት ባሳተመው መጽሐፉ ይህንኑ የመጠጥ ፈቃድ ጉዳይ አንሥቶት ነበር። ሚል አዋቂ ሰው «ለራስህ ይበጅሃል» ተብሎ መገደድ የለበትም ባይ ነው። የመጠጥ ቤቶችን ቁጥር ሆን ብሎ ማሳነስ ሠርቶ አዳሪውን ሕዝብ እንደ ሕፃን መቁጠር ነው ሲልም ተቃውሟል። ሆኖም ያው ሚል ሻጩ በምግባሩ የታወቀ ሰው እንዲሆን መጠየቅን፣ ጠብና ሁከት በተደጋገመበት ቤትም ፈቃድ መንጠቅን ደግፏል። በእንዲህ ያለው ቤት የሚጎዳው ጠጪው ብቻ አይደለምና።

ይህን ለመረዳት እስከ እንግሊዝ መሄድም አያስፈልግም። ያገራችን ጠላ ቤት በእንጨት ጫፍ በተደፋ ጣሳ ይታወቃል እንጂ ግድግዳው ላይ ፈቃድ ተሰቅሎበት ብዙ አይታይም። ቁጥጥር የለውም ማለት ግን አይቻልም። ጠማቂዋን መንደሩ ያውቃታል፤ እርሷም ጠጪዎቿን አንድ ባንድ ታውቃለች። ደመወዙን ጠጥቶ የሚጨርስ ባል ሲኖር ሚስቱ ሄዳ «ስለ እግዚአብሔር ብለሽ አትቅጅለት» ብላ ትለምናታለች። ልመናውን የሰማች ጠማቂ ትመሰገናለች፤ ያልሰማችውን መንደሩ ያማታል። እዚያ ተቆጣጣሪው ይሉኝታ ነው። ጎረቤት የጎረቤቱን ስም በማያውቅበት በዚህ ታላቅ ከተማ ግን ይሉኝታ ብቻውን አያስተዳድርም። ይሉኝታ ይሠራው የነበረውን ሥራ እንዲሠራ ነው ወረቀቱ የመጣው።

ወረቀቱ ሹሙን በምክንያት ካሰረ ባለቤቱንስ? የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለዚህም መልስ ሰጥቷል። በጃንዋሪ 1968 በናያግራ አካባቢ በሚገኝ ጆርዳን ሃውስ በተባለ ሆቴል ሜኖው የተባለ የቤቱ ደንበኛ እስኪሰክር ተቀዳለት። ሰውየው መጠጥ እንደማያስችለው ሠራተኞቹ ያውቁ ነበር፤ ኃላፊነት የሚሰማው ሰው አብሮት ከሌለ እንዳይቀዱለትም ታዝዘው ነበር። ከሰከረ በኋላ ወደ ውጭ አስወጡት። በጨለማ በአውራ ጎዳና ላይ ሲሄድ መኪና ገጨው። በ1973 ፍርድ ቤቱ ኃላፊነቱን ለሦስት እኩል ከፈለው፤ አንድ ሦስተኛው በሾፌሩ፣ አንድ ሦስተኛው በራሱ በሜኖው፣ አንድ ሦስተኛው በሆቴሉ ላይ ወደቀ። ለሰው እስኪሰክር ቀድቶ፣ ገንዘቡን ተቀብሎ፣ ከዚያ በኋላ «ከደጄ ከወጣ ምን አገባኝ» ማለት አይቻልም ማለት ነው።

እነዚህን ሁለት ፍርዶች ጎን ለጎን ያስቀምጧቸው። በ1959 ፈቃድ ሰጪው «እንደ ልቤ» ማለት ተከለከለ። በ1973 ፈቃድ ያዢው «ወረቀቱ የእኔ ነው፣ እንደ ልቤ» ማለት ተከለከለ። የመጠጥ ፈቃድ ማለት እንግዲህ የሁለት ወገን እጅ የሚያስር ገመድ ነው፤ የሚያስርበት ምክንያትም አንድ ነው፤ ያ ሰክሮ በጨለማ የሚሄደው ሰው።

ያንን ሰው ሌሊት ታክሲ ስነዳ አገኘዋለሁ። በኦንታሪዮ መጠጥ መሸጥ የሚቆመው ከ1996 ጀምሮ ከሌሊቱ 8 ሰዓት፣ በፈረንጆቹ 2 ሰዓት ላይ ነው፤ በዚያች ሰዓት ከተማው ሁሉ ባንድ ጊዜ ወደ አስፋልት ይወጣል። አንዳንዱ ቤት አስተናጋጁ ደንበኛውን ደግፎ ያመጣና አድራሻውን ነግሮኝ፣ በሩን ዘግቶ፣ እስክንነሣ ቆሞ ያያል። አንዳንዱ ቤት ደግሞ ሰውየውን ከደጅ አውጥቶ መብራት ያጠፋል። በሁለቱም ቤቶች ግድግዳ ላይ ያለው ወረቀት አንድ ዓይነት ነው። የኮሚሽኑ ተቆጣጣሪ በየሌሊቱ በየደጁ ሊቆም አይችልም፤ ስለዚህ ከሕጉ የሚተርፈውን ሥራ የሚሠራው የቀጂው ኅሊና ነው።

በእኛ ማኅበረሰብ ዘንድ ይህ ነገር ይበልጥ ይከብዳል። ከወንዶቻችን ብዙዎቹ ብቻቸውን የመጡ ናቸው። የሌሊት ፈረቃ ሠርተው፣ ለእናታቸው ገንዘብ ልከው፣ የብቸኝነታቸውን ነገር የሚያወሩበት ቦታ ያው አማርኛ የሚሰማበት ምግብ ቤት ነው። የቤቱ ባለቤት የማን ኪራይ እንዳልተከፈለ፣ ማን ከሥራ እንደወጣ፣ የማን ትዳር እንደተናጋ ታውቃለች። ብዙዎቹ እህቶቻችን ይህን እውቀት ለበጎ ያውሉታል፤ ብርጭቆውን አንሥተው ሽሮ ያቀርባሉ። ነገር ግን «የሰው ገንዘብ ነው፣ ምን አገባኝ» የሚልም አይጠፋም። ያ ሰው ፈቃዱ ሲነሣበት «በዘሬ ነው» ቢል ለእውነተኛው የዘር በደል የሚሰማ ጆሮ ያሳጣል።

እውነተኛው በደል የለም ማለቴ አይደለም። ኤልሲቢኦ በ1927 ሲቋቋም በዚህ ክፍለ ሀገር መጠጥ የሚገዛ ሰው በስሙ የፈቃድ ደብተር ማውጣት ነበረበት፤ የገዛው ሁሉ በደብተሩ ይመዘገብ ነበር። የአገሩ ነባር ሕዝቦች ደግሞ በፌዴራል ሕግ ለረጅም ዘመን ከመጠጥ ተከልክለው ኖረዋል። በ1967 ጆሴፍ ድራይቦንስ የተባለ ነባር ተወላጅ በየሎናይፍ ሰክሮ ተገኘ ተብሎ 10 ዶላር ተቀጣ። ሌላው ሰው በዚያ ግዛት የሚቀጣው በሕዝብ መሰብሰቢያ ቦታ ሰክሮ ሲገኝ ብቻ ነበር፤ ለእርሱ ግን ከነባሮቹ መንደር ክልል ውጭ የትም ይሁን የት መስከሩ ብቻ ወንጀል ሆኖ ተቆጠረ። በ1969 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አንድን ሰው በዘሩ ብቻ የሚለይ ሕግ በሕግ ፊት እኩል የመሆንን መብት ይጥሳል ሲል ያንን ድንጋጌ ሻረው። የሕጉ ምክንያት የስካር ጉዳት ቢሆን ኖሮ ለሁሉም አንድ በሆነ ነበር።

ከዚህ ጋር በዳንደስና በኪል አካባቢ ያለውን ጃንክሽን የተባለውን ሰፈር ያነጻጽሩ። ነዋሪው በ1904 ድምፅ ሰጥቶ በሰፈሩ መጠጥ እንዳይሸጥ አደረገ፤ እገዳው እስከ 2000 ድረስ ቆየ። 100 ዓመት ሊሞላ ምን ቀረው? ረዘመ ማለት ይቻላል። ይሁን እንጂ እገዳው በሰፈሩ ለሚነግድ ሁሉ እኩል ነበር፤ ያወጣውም የነዋሪው ድምፅ ነው፤ ያነሣውም የነዋሪው ድምፅ ነው። አንድ ሰው ይህን ባይወደውም ተበደልኩ ሊል አይችልም።

ስለዚህ ጎረቤት የአንድ ወገናችንን ማመልከቻ ሲቃወም ወዲያው «ጠላን» ከማለት ተቃውሞውን ማንበብ ይሻላል። «ሌሊት ጫጫታ አለ፣ ቆሻሻው በጊዜ አይነሣም» የሚል ከሆነ ይህ ምክንያት ነው፤ መልሱም በሩን መጠገን፣ ሙዚቃውን መቀነስ፣ ጎረቤቱንም ሄዶ ማነጋገር ነው። «እነዚህ ሰዎች»፣ «የምግባቸው ሽታ»፣ «የሚመጣባቸው ዓይነት ሰው» የሚል ከሆነ ግን ስለ መጠጥ አልተናገረም፤ ያንን ይዞ ችሎት ፊት መቅረብ ይገባል። ፈቃዱ ከጸደቀ በኋላም እኛ ራሳችን የሌላው ቤት ጎረቤት መሆናችንን አንርሳ። በምንኖርበት ሕንፃ ሥር ስላለው መጠጥ ቤት አስተያየት ስጡ ስንባል ዝም የምንለው መብቱ የእኛ ስላልመሰለን ነው።

ይህንኑ የምክንያት ጥያቄ መንግሥትንም እንጠይቀው። ቤት ውስጥ ለራስ የሚጠጣ ጠጅ መጣል ይፈቀዳል፤ በምግብ ቤት መሸጥ ግን አይቻልም፤ ፈቃድ ያለው ቤት መጠጡን የሚገዛው በመንግሥት ከታወቀው መንገድ ነው፤ ጠጅ ጥሎ ለመሸጥም ራሱን የቻለ የአምራችነት ፈቃድ ያስፈልጋል። ምክንያቱ ንጽሕናና የመጠጡ ኃይል ከሆነ እሰየው፤ ተመርምሮ ያለፈ ጠጅ ይሸጣል። ምክንያቱ ገቢ ከሆነ ግን በስሙ ይጠራ። ኤልሲቢኦ በ2022–23 የበጀት ዓመት ለክፍለ ሀገሩ መንግሥት ያስገባው ትርፍ 2.5 ቢሊዮን ዶላር ያህል ነበር። ከሴፕቴምበር 5 ቀን 2024 ጀምሮ ደግሞ ፈቃድ ያገኙ የሰፈር ሱቆች ቢራና ወይን ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ምሽቱ 5 ሰዓት ድረስ መሸጥ ጀምረዋል፤ ከነዚህ ባለሱቆች መካከል የእኛው ሰዎች አሉ። መጠጥ ጎጂ ነው ብሎ ትንሿን ምግብ ቤት የሚያስጨንቅ መንግሥት በማግሥቱ መጠጡን በየማእዘኑ ሲያስገባ፣ ሁለቱን ውሳኔዎች ያስማማው ምክንያት ምን እንደሆነ መጠየቅ የዜጋ ሥራ ነው።

ውድ አንባብያን፣ አያቶቻችን መንገድ ላይ ሰው ሲጣላ «በሕግ አምላክ!» ብለው ያስቆሙ ነበር። ያ ቃል ጉልበት ያለውንም የሌለውንም እኩል ያቆማል ተብሎ ይታመን ነበር። ምክንያት መጠየቅ የዚያ ቃል ዘመድ ነው። ፈቃድ ስንጠየቅም፣ ስንሰጥም፣ ስንከለከልም፣ ስንቀዳም «በምን ምክንያት?» እንበል። ምክንያቱ እውነተኛ ከሆነ እጃችንን ያስረን ዘንድ እንፍቀድለት፤ እውነተኛ ካልሆነ ግን ከየትኛውም ወንበር ቢመጣ ወረቀት ይዘን እንጠይቀው።

ቸር ያሰንብተን።